«ይህ ፋይል በምን ይከፈታል?»፦ ከመክፈት በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ

ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በሚሠራው ቴሌግራም ውስጥ ያገኘውን አንድ ክፍተት ጁላይ 2024 ላይ ይፋ አድርጎ ነበር። አጥቂዎች ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያን የ30 ሰከንድ ቪዲዮ አስመስለው መላክ የሚችሉበት ክፍተት ነው። ተቀባዩ ቪዲዮውን ለማየት ሲነካው ቴሌግራም ማጫወት እንዳልቻለ ገልጾ በሌላ ማጫወቻ እንዲሞክር ይጋብዘዋል። ሰውየው እሺ ብሎ ከቀጠለ ስልኩ የሚጠይቀው ቪዲዮ ስለማየት ሳይሆን አዲስ መተግበሪያ ስለመጫን ነው። በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ ደግሞ የዋትስአፕ ባለቤት ሜታ በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው ዋትስአፕ ውስጥ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ክፍተት እንደነበረና እንደደፈነው አስታወቀ።

ክፍተቶቹ ተደፍነዋል፤ መነሻቸው የሆነው ግራ መጋባት ግን አለ። «ይህ ፋይል በምን ይከፈታል?» የሚለው በአማርኛ የቴክኖሎጂ ቡድኖች ውስጥ ከሚደጋገሙት ጥያቄዎች አንዱ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ይሄን አፕ አውርድ» የሚል ነው። ጠያቂውም መላሹም አንድ እርምጃ ዘለዋል። በምን እንደሚከፈት ከማወቅ በፊት ፋይሉ ምን እንደሆነና ሲከፈት ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ ይቀድማል። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ የኮምፒውተር ባለሙያነትን አይጠይቅም፤ ፋይል እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ መረዳት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ይዘቱ

ፎቶም ይሁን ደብዳቤ ወይም ዘፈን፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ ተራ በተራ የተደረደረ የቁጥር ክምችት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ባይት ይባላል፤ ከ0 እስከ 255 ያለ ዋጋ ይይዛል። ቁጥሮቹ ለብቻቸው ምንም አይናገሩም። ትርጉም የሚሰጣቸው ፎርማት የሚባለው ስምምነት ነው፤ የትኞቹ ባይቶች የምስሉን ስፋት፣ የትኞቹ ቀለሙን፣ የትኞቹ የተነሳበትን ቀን እንደሚገልጹ የሚደነግገው እሱ ነው። ስምምነቱን የሚያውቅ ፕሮግራም ፋይሉን ይከፍታል፤ የማያውቀው ስህተት አሳይቶ ያቆማል።

ተጠቃሚው ፎርማቱን የሚገምተው ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቧ ቀጥሎ ካሉት ፊደላት ነው። ቅጥያ ይባላሉ፦ ጄፒጂ፣ ፒዲኤፍ፣ ኤምፒ3፣ ዶክኤክስ። ልማዱ የቆየ ነው። ሲፒኤም የተባለው የ1970ዎቹ ሥርዓተ ክወናና ከእሱ በኋላ የመጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ለፋይል ስም ስምንት፣ ለቅጥያ ሦስት ፊደል ብቻ ይፈቅዱ ነበር። ዊንዶውስ 95 ረጅም ስም በመፍቀድ ገደቡን አነሳ። በቅጥያ የመመራቱ ልማድ ግን ቀጠለ፤ ዛሬም ዊንዶውስ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲጫን በየትኛው ፕሮግራም መከፈት እንዳለበት የሚወስነው ቅጥያውን አይቶ ነው።

ችግሩ ቅጥያው የስሙ አካል መሆኑ ነው። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ይዘቱን ሳይነካ ሊለውጠው ይችላል። በቡና ጣሳ ላይ «ሻይ» ብሎ መጻፍ ቡናውን ሻይ አያደርገውም።

ለዚህ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ምሳሌ የዲቪ ፎቶ ነው። የዲቪ ማመልከቻ ለዓመታት ሲጠይቅ የቆየው በጄፒጂ ፎርማት የተቀመጠ፣ ርዝመቱና ወርዱ እኩል የሆነ፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ፎቶ ነው። አፕል ከ2017 ጀምሮ ግን የአይፎን ካሜራ ፎቶዎችን ኤችኢአይሲ በሚባል ሌላ ፎርማት እንዲያስቀምጥ አድርጓል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል መጠን ማስቀመጥ ስለሚችል ነው። ፎቶው በአይፎን ተነስቶ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ አይከፈትም፣ ወይም ማመልከቻው አይቀበለውም። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ስሙን ወደ ጄፒጂ ቀይረው» የሚል ነው። ይህ ምክር አንዳንዴ የሚሠራ መምሰሉ ያሳስታል፤ አንዳንድ የምስል ማሳያዎች ስሙን ትተው ውስጡን ስለሚያነቡ ፎቶው ይታያል። ፎርማቱ ግን አልተለወጠም። ለመለወጥ ፎቶውን ከፍቶ በጄፒጂ እንደገና ማስቀመጥ፣ አለዚያም አስቀድሞ በአይፎኑ የካሜራ ቅንብር «ፎርማትስ» በሚለው ሥር «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣ ፎቶ በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ተከፍቶ እንደ ሰነድ ሲላክ እምቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንደ ፎቶ የተላከውን መተግበሪያው ራሱ ወደ ጄፒጂ ይቀይረዋል፣ እንደ ሰነድ የተላከውን ሳይነካ ያደርሰዋል።

ውስጡ የያዘው ፊርማ

ስሙ ካልታመነ ምን ይታመናል? አብዛኞቹ ፎርማቶች በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ማንነታቸውን የሚገልጹ ጥቂት ባይቶች ያስቀምጣሉ። ፒዲኤፍ ከፐርሰንት ምልክት ቀጥሎ የራሱን ስም ሦስት ፊደላት ይጽፋል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ኤም እና ዜድ በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራሉ፤ ፊደላቱ በማይክሮሶፍት የዶስ መሐንዲስ የነበረው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻዎች ናቸው። የታመቀ ጥቅል የሆነው ዚፕ ደግሞ ፒ እና ኬ ብሎ ይጀምራል፤ በ1989 ፎርማቱን ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች። ሊኑክስና ማክ ላይ «ፋይል» የሚባል ትእዛዝ እነዚህን ፊርማዎች አንብቦ ዓይነቱን ይናገራል። የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ፕሮኖም የሚባል የፎርማቶች መዝገብ አቋቁሞ፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ፋይሎችን የሚለይ ድሮይድ የተባለ ነጻ መሣሪያ ለሕዝብ አቅርቧል።

የዚፕ ፊርማ የብዙ ግራ መጋባት ምንጭ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጡት የዎርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንት ፋይሎች በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። ኢፐብ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፎርማትም ዚፕ ነው። አንድሮይድ ላይ የሚጫነው ኤፒኬም እንዲሁ። አንዳንድ የቆዩ ስልኮችና ብራውዘሮች የዎርድ ሰነድን ሲያወርዱ «ዚፕ» ብለው የሚያስቀምጡት ስለተበላሸ አይደለም፤ ፊርማውን አንብበው ያዩትን ነው የተናገሩት። ቅጥያውን ወደ ዶክኤክስ መመለስ ይበቃል። ከዚህም የሚገኝ ጥቅም አለ። የዎርድ ፋይል ቅጂ ተወስዶ ቅጥያው ወደ ዚፕ ቢለወጥ ውስጡ እንደ ፎልደር ይከፈታል፤ ምስሎቹ በአንድ ፎልደር፣ ጽሑፉ በሌላ ፋይል ተቀምጠው ይገኛሉ። ዎርድ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ እምቢ ያለው ሰነድ አንዳንዴ ጽሑፉ የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ፊርማ ግን ሁሉንም አይፈታም። ተራ የጽሑፍ ፋይል ፊርማ የለውም። ዚፕ የሚል ፊርማም ፋይሉ ደብዳቤ ይሁን የስልክ መተግበሪያ ለብቻው አይለይም፤ ገልጦ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ሰነድ መስሎ የሚመጣ ፕሮግራም

የፋይል ዓይነትን ማወቅ የደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው አንድ መሠረታዊ ልዩነት ስላለ ነው። አንዳንድ ፋይሎች የሚታዩ ናቸው፤ ሌሎቹ የሚሠሩ። ጄፒጂ ሲከፈት ሌላ ፕሮግራም አንብቦ ያሳየዋል። ኤክስኢ፣ ቪቢኤስ፣ ባት ወይም ኤፒኬ ሲከፈት ግን ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ በውስጡ ያለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። የአጥቂው ሥራ የሚሠራውን ፋይል የሚታይ ማስመሰል ነው።

ሜይ 2000 ላይ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው የኮምፒውተር ትል የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ከፊሊፒንስ ተነስቶ በኢሜይል የተሰራጨው ፋይል ሁለት ቅጥያ ነበረው፦ መጀመሪያ ተራ ጽሑፍ መሆኑን የሚናገር፣ ቀጥሎ ትእዛዝ ፈጻሚ መሆኑን የሚያጋልጥ ቪቢኤስ። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ስለሚደብቅ ተቀባዩ ያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የፍቅር ደብዳቤ መሰለው። በቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተጠቁ። የሚገርመው ይህ የመደበቅ ቅንብር ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላም ዊንዶውስ ላይ ሳይነካ መኖሩ ነው።

ለመደበቁ የሚሰጠው ምክንያት ከንቱ አይደለም። ተጠቃሚው ስም ሲለውጥ ቅጥያውን በስህተት እንዳያጠፋው ይከላከላል፤ ዝርዝሩም ለዓይን ይቀላል። የስልክ ተጠቃሚዎች ቅጥያ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ለዓመታት ያለችግር መሥራታቸውም ለዚህ ወገን ማስረጃ ይሆናል። ሆኖም ሚዛኑ ወደ ሌላኛው ወገን ያደላል፦ በስህተት የጠፋ ቅጥያ ይመለሳል፣ በስህተት የተከፈተ ፕሮግራም ግን ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። ዊንዶውስ 11 ላይ የፋይል መመልከቻውን ከፍቶ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን መምረጥ ቅጥያዎቹን ያሳያል።

ማሳየቱ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ደግሞ የቴሌግራም ታሪክ ያሳያል። የሩሲያው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ካስፐርስኪ በ2018 እንደገለጸው አጥቂዎች የቴሌግራም ዊንዶውስ ተጠቃሚዎችን ለማታለል እንደ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተዘጋጀውን የማይታይ ምልክት በፋይል ስም መሃል ይሰኩ ነበር። ከምልክቱ በኋላ ያሉት ፊደላት ተገልብጠው ስለሚታዩ፣ በትእዛዝ ፈጻሚ ቅጥያ የሚያልቅ ስም የምስል ቅጥያ ያለው ይመስላል። ቅጥያው አልተደበቀም፤ የታየው ግን ሌላ ነው።

መግቢያው ላይ የተጠቀሰው የዋትስአፕ ክፍተት ሌላ ዓይነት አለመጣጣም ነበር። በኢንተርኔት የሚላክ ፋይል ከስሙ ሌላ የይዘቱን ዓይነት የሚናገር መለያ አብሮት ይጓዛል፤ ማይም ይባላል። ዋትስአፕ ለተቀባዩ ሲያሳይ ማይሙን፣ ሲከፍት ግን ቅጥያውን ይከተል ነበር። ማይሙ ምስል፣ ቅጥያው ኤክስኢ የሆነ ፋይል ቢላክ ተጠቃሚው ምስል አይቶ ፕሮግራም ይከፍታል። ስም፣ መለያና ይዘት ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

«እንግዲያው ሶፍትዌሩ ስሙን ትቶ ይዘቱን ብቻ ይይ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ይህም የራሱ መዘዝ አለው። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም ሴፕቴምበር 2021 ላይ ይፋ ያደረገው የፔጋሰስ የስለላ ጥቃት ጂአይኤፍ የሚል ቅጥያ ባላቸው፣ በውስጣቸው ግን ፒዲኤፍ በሆኑ ፋይሎች የተፈጸመ ነው። አይፎኑ ስሙን ንቆ ይዘቱን አነበበ፤ ፒዲኤፍ መሆኑን ሲያውቅ ክፍተት ያለበትን የፒዲኤፍ አንባቢ ቀሰቀሰ። ባለቤቱ ምንም መንካት አላስፈለገውም። እንዲህ ላለው ጥቃት ከተጠቃሚው የሚጠበቀው ስልኩን በየጊዜው ማደስ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። ሲቲዝን ላብ በማርች 2013 ባወጣው ዘገባ የግንቦት 7 ፎቶዎችን እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር መገኘቱን ገልጿል። በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሰነድ መስለው በተላኩላቸው ፋይሎች የስለላ ዒላማ መደረጋቸውን ዘገበ። የኢትዮጵያ መንግሥት በወቅቱ አስተባብሏል። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ዘዴው ነው፦ ተቀባዩ ለሥራው የሚጠብቀው ዓይነት ስም የተሰጠው ፋይል።

ዘዴውም መከላከያውን እየተከተለ ይለዋወጣል። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት በወረዱ የኦፊስ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን፣ ማለትም ሰነድ ውስጥ የሚቀበሩ አነስተኛ ፕሮግራሞችን፣ ካልተፈቀዱ እንዳይሠሩ አደረገ። አጥቂዎች ወዲያው የዲስክ ቅጂ ወደሆነው አይኤስኦ፣ የአቋራጭ ፋይል ወደሆነው ኤልኤንኬ፣ በ2023 መጀመሪያም የማይክሮሶፍት የማስታወሻ መያዣ ወደሆነው ወደ ዋንኖት ፋይሎች ዞሩ። ብዙ ሰው እነዚህን ቅጥያዎች አይቷቸው ስለማያውቅ መጠርጠሪያ ምክንያት አልነበረውም። በዚያው ዓመት የታመቁ ጥቅሎችን በሚከፍተው ዊንራር ውስጥ የተገኘው ክፍተት ደግሞ በታመቀ ጥቅል ውስጥ ያለን ፎቶ ለማየት ሲነካ በስውር ሌላ ትእዛዝ እንዲሠራ ያስችል ነበር፤ 6.23 የተባለው እትም ደፍኖታል። ዊንራር ግን ራሱን አያድስም። ከብዙ ዓመት በፊት የተጫነ ቅጂ ያለው ሰው ክፍተቱም አብሮት አለ።

ኤፒኬና የቴሌግራም ቻናሎች

«ኤፒኬ በጭራሽ አትክፈት» የሚለው ምክር ለኢትዮጵያ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ዳታ ዋጋ ስላለው ሰዎች መተግበሪያን አንዴ አውርደው በዜንደርና በቴሌግራም ይቀባበላሉ፤ የአገር ውስጥ አልሚዎችም ሥራቸውን በቻናላቸው የሚያሰራጩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሚጠቅመው የኤፒኬን አሠራር ማወቅ ነው።

እያንዳንዱ ኤፒኬ በአልሚው ዲጂታል ቁልፍ ይፈረማል። አንድሮይድ ቀድሞ የተጫነን መተግበሪያ ሲያድስ አዲሱ በዚያው ቁልፍ መፈረሙን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ እምቢ ይላል። ጠንካራ ጥበቃ ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫን መተግበሪያ አይሠራም፣ የሚነጻጸርበት የለምና። ከዚህ ሁለት ጠቃሚ ምልክቶች ይወጣሉ። «የባንክህ መተግበሪያ አዲስ እትም» ተብሎ የመጣ ኤፒኬ አልጫንም ካለና ላኪው «መጀመሪያ የድሮውን አጥፋው» ካለ፣ ስልኩ የፊርማ አለመመሳሰል አይቶ ሊሆን ይችላል፤ መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው። ከተጫነ በኋላ ደግሞ ነባሩ ሳይተካ በስልኩ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ምልክት ከታየ ሁለቱ የተለያዩ መተግበሪያዎች ናቸው። ፎቶ ማሳያ ወይም የሠርግ ጥሪ ነኝ እያለ አጭር መልእክት ለማንበብ ወይም «አክሰሲቢሊቲ» የተባለውን ስክሪን የማየትና የመንካት ፈቃድ የሚጠይቅም ለሌላ ዓላማ የመጣ ነው፤ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው በአጭር መልእክት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ጎግል ኦገስት 2025 ላይ ይፋ ያደረገው ዕቅድ ይህን ልማድ ሊለውጠው ይችላል። በዕቅዱ መሠረት ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚሰራጩ መተግበሪያዎች አልሚዎችም ማንነታቸውን አስመዝግበው ማረጋገጥ አለባቸው፤ ሴፕቴምበር 2026 ላይ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ተጀምሮ ከ2027 አንስቶ ወደ ሌሎች አገሮች ይሰፋል። ጎግል ማንነቱ የማይታወቅ አጥቂ በአዲስ ስም እየተመላለሰ እንዳይመጣ ያደርጋል ይላል። እንደ ኤፍድሮይድ ያሉ የነጻ ሶፍትዌር ማሰራጫዎች ደግሞ በስልኩ ላይ ምን እንደሚጫን የመወሰን ሥልጣን ከባለቤቱ ወደ አንድ ኩባንያ ይዛወራል ብለው ተቃውመዋል። ከተቃውሞው በኋላ ጎግል ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ እንደሚያዘጋጅ ገልጿል። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ጥቅሙም ጉዳቱም እውነተኛ ነው፤ ሐሰተኛ የባንክ መተግበሪያ መበተን ይከብዳል፣ አንድ ተማሪ የሠራትን መዝገበ ቃላት በቻናል መልቀቅም እንዲሁ።

ያልታወቀ ፋይል ሲደርስ

የመጀመሪያው ሥራ ላኪውን መጠየቅ ነው፤ ከተቻለ ፋይሉ በመጣበት መንገድ ሳይሆን በስልክ ደውሎ። የላኪው አካውንት ተጠልፎ ከሆነ በዚያው ቻት የሚመልሰው ጠላፊው ነው። ቀጥሎ ሙሉ ቅጥያውን ማየትና የሚታይ ወይስ የሚሠራ ፋይል መሆኑን መለየት። መጠኑም ይናገራል፦ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሆነ «የሁለት ሰዓት ፊልም» ፊልም አይደለም።

ጥርጣሬ ካለ ቫይረስቶታል የተባለው ድረ ገጽ አንድን ፋይል ከ70 በላይ በሆኑ የጸረ ቫይረስ መመርመሪያዎች ያስፈትሻል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተጫነው ፋይል ለደኅንነት ተመራማሪዎችና ደንበኞች ተደራሽ ስለሚሆን የደመወዝ ዝርዝር ወይም የሕክምና ውጤት የሚላክበት ቦታ አይደለም። «ፒዲኤፍን በነጻ ወደ ዎርድ ቀይር» የሚሉ ድረ ገጾችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ ማርች 2025 ላይ ወንጀለኞች እንዲህ ያሉ ነጻ መቀየሪያዎችን ጎጂ ሶፍትዌር ለማሰራጨትና ከተጫኑ ሰነዶች የግል መረጃ ለመልቀም እንደሚጠቀሙባቸው አስጠንቅቋል። ፓስፖርትና የባንክ ደብተር ቅጂ ለማያውቁት ድረ ገጽ ከማስረከብ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ይሻላል፤ ለሰነድ ሊብሬኦፊስ፣ ለድምፅና ምስል ቪኤልሲ፣ ለታመቁ ጥቅሎች ሰቨንዚፕ አብዛኛውን ይሸፍናሉ።

ተከፍቶም የማይነበበው የአማርኛ ሰነድ

እስካሁን የተወራው ስለማይከፈት ፋይል ነው። የአማርኛ ተጠቃሚ ከዚህ ሌላ የራሱ ችግር አለበት፦ ዎርድ ያለምንም ቅሬታ ይከፍተዋል፣ ገጹ ላይ ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎርማቱ ሲታወቅ በውስጡ ያለው የፊደል ስምምነት አልታወቀም።

በ1980ዎቹና 90ዎቹ ለአንድ ፊደል የሚመደበው አንድ ባይት፣ ማለትም ከ256 ቦታዎች አንዱ ነበር። ግማሹን አስኪ የተባለው የአሜሪካ ስምምነት ለእንግሊዝኛ ይዞታል። የአማርኛ ሆሄያት ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ፣ ቷና ኳ ያሉት፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። የዘመኑ ባለሙያዎች ይህን ያለፉት በብልሃት ነው። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ እየመሰለው በፎንቱ ውስጥ በዚያ ቦታ የተሳለውን የአማርኛ ቅርጽ እንዲያሳይ አደረጉ፤ አንዳንዶች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ሌሎች ከቁርጥራጭ ቅርጾች አገጣጠሙት። ለየትኛው ፊደል የትኛው ቦታ እንደሚሰጥ ግን ሁሉም በየራሱ ወሰነ። ከዘመኑ የአማርኛ መጻፊያዎች አንዱ በሆነው በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በሌላው፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የማይነበበው ለዚህ ነው። ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደግሞ ከሥር የነበረው የላቲን ፊደል ይወጣል።

ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ ዩኒኮድ፣ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቋሚ ቁጥሮች ሰጠ፤ ሀ በኮምፒውተር የአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ቁጥር 1200 ሆነች። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳይገዙ አማርኛን ማንበብ ተቻለ። ቢሆንም በድሮው ስልት የተጻፉት ሰነዶች በራሳቸው አልተለወጡም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱና በየሰው ፍላሽ ውስጥ አሉ።

የማይነበበው ጽሑፍ መልክ ራሱ መንስኤውን ይጠቁማል። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ጤነኛ ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ስለሆነ አቢሲኒካን የመሰለ ነጻ ፎንት መጫን ይበቃል። የተለያየ የላቲን ፊደል ድብልቅ ከሆነ የድሮ ፎንት ሥራ ነው፤ የፎንቱ ስም ዎርድ ውስጥ ጽሑፉን መርጦ በፎንት ሳጥኑ ይነበባል። ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከታየች ዩቲኤፍ 8 የተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ በሌላ ስምምነት ተነቦ ነው፤ በዩቲኤፍ 8 የተለመዱት የአማርኛ ፊደላት ሁሉ ሦስት ባይት ይይዛሉ፣ የመጀመሪያው ባይትም አንድ ዓይነት ነው። ይህ በተለይ ሲኤስቪ የሚባሉትን የሠንጠረዥ ፋይሎች በኤክሴል ሲከፍቱ ያጋጥማል። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ከመጫን ይልቅ ከኤክሴል «ዳታ» ዝርዝር ውስጥ ከጽሑፍ ፋይል ማስገቢያውን መርጦ 65001 የሚል ቁጥር ያለበትን ዩቲኤፍ 8 ማዘዝ ያስተካክለዋል። የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ከሆነ ግን ፊደሉን የማያውቅ ሶፍትዌር በላዩ ላይ አስቀምጦበታል፤ ከዚያ ቅጂ የሚመለስ የለም፣ የቀድሞውን መፈለግ ነው።

ፒዲኤፍ ደግሞ ችግሩን ይደብቀዋል። የፊደሉን ቅርጽ በውስጡ ስለሚይዝ በድሮ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ በየትኛውም ስልክ ላይ አምሮ ይታያል። ፍለጋ ሲሞከር ወይም ኮፒ ሲደረግ ነው ከሥሩ ላቲን መሆኑ የሚታወቀው። የዚህ መዘዝ እየሰፋ ነው፤ የፍለጋ ሞተሮች፣ የትርጉም መሣሪያዎችና የጽሑፍ ማንበቢያዎች የሚያዩት ቅርጹን ሳይሆን ከሥር ያለውን ቁጥር ስለሆነ እነዚያ ሰነዶች ለእነሱ አማርኛ አይደሉም።

ለመለወጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከድሮ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ለዚያ ዋናው የዎርድ ፋይልና የፎንቱ ትክክለኛ ስም ያስፈልጋሉ። ዋናው ከጠፋ የሚቀረው ምስልን አንብቦ ጽሑፍ የሚያወጣው ኦሲአር ነው፤ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አማርኛን ይደግፋል። በሁለቱም መንገድ የወጣው ጽሑፍ ከዋናው ጋር መነጻጸር አለበት። ሲነጻጸርም ለዓይን የሚመሳሰሉት ለና ሰ፣ እንደ ሟና ቧ ያሉት ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና የሰው ስሞች መቅደም አለባቸው፤ በሕጋዊ ሰነድ ውስጥ ስህተቱ ውድ የሚሆነው እነሱ ላይ ነው። ዋናው ፋይልም ከተለወጠ በኋላ አይጣል፤ ከፎንቱ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጥ።